ስልክ ቀማኛውን የያዘው ወንድሜ ለምን ይታሰራል?

ጥያቄ፦ ከሦስት ቀን በፊት ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ወጣት ስልኬን ከእጄ መንትፎ ሮጠ። ጩኸቴን የሰማው ታናሽ ወንድሜ አባሮ ሲይዘው ልጁ ሴንጢ መዘዘበት። ወንድሜ ባገኘው ዱላ ሲመታው ሴንጢውም ልጁም ወደቁ፤ ከወደቀ በኋላ ግን ወንድሜና የሰፈር ልጆች ደብድበውታል። የልጁ ክንድ ተሰብሯል። ወንድሜ ትናንት ጠዋት ተይዟል። ሌባው ተበዳይ፣ ወንድሜ ተጠርጣሪ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ እርስዎም ወንድምዎም በሕይወት በመትረፋችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ቁጣዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሕጉ የዚያን ምሽት ድርጊት እንደ አንድ ነገር ሳይሆን ደቂቃ በደቂቃ ከፋፍሎ የሚመለከተው ስለሆነ፣ እኛም በዚያው መንገድ እንየው።

ወንድምዎ ቀማኛውን ማባረሩና መያዙ ሕጋዊ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50 ማንኛውም ሰው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 1148 ንብረቱን የተነጠቀ ባለይዞታ ነጣቂውን እጅ ከፍንጅ ይዞ ወይም ሲሸሽ ተከታትሎ ወዲያውኑ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል መጠቀምን ግን ይከለክላል።

ሴንጢው ከተመዘዘ በኋላ የተሰነዘረው የዱላ ምትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የሚሸፈን ይመስለኛል። አንቀጹ የደረሰን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ሕገ ወጥ ጥቃት ለመከላከል የተፈጸመ ድርጊት፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከአደጋው ክብደት ጋር የተመጣጠነ ከሆነ፣ አያስቀጣም ይላል። ስለት ለያዘ ሰው በዱላ መመለስን ያልተመጣጠነ ማለት ይከብዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ሴንጢው ከወደቀ በኋላ ነው። መሣሪያ የሌለው፣ መሬት ላይ የተዘረጋና በብዙ ሰው የተከበበ ሰው ሌባ ቢሆንም እንኳ በዚያች ቅጽበት የሚያሠጋ አጥቂ አይደለም፤ ጥቃት በሌለበት ደግሞ መከላከል የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የተፈጸመው ድብደባ፣ እንደ ጉዳቱ ክብደት፣ በአንቀጽ 555 ከባድ ወይም በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት ማድረስ ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል፤ በ555 ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስ ስለሚችል ጉዳዩን እንደ ተራ ጠብ አይመልከቱት። ሌባን በደቦ መደብደብ በየሰፈራችን እንደ ፍትሕ መቆጠሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ስንት ጊዜ አላፊ አግዳሚው ያልሰረቀውን ሰው ጭምር ደብድቧል።

ስለዚህ የወንድምዎ ጉዳይ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ክንዱን የሰበረው የትኛው ምት ነው? ሴንጢው በልጁ እጅ ሳለ ያረፈው የመጀመሪያው የዱላ ምት ከሆነ መከላከያው ጠንካራ ነው። ሴንጢው ተይዞ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ የመጀመሪያውን ምት ያዩ ሰዎችን ስም አሁኑኑ ይያዙ፣ ከሱቅ ወይም ከሕንፃ ካሜራ የተቀረጸ ካለም ከመጥፋቱ በፊት ፖሊስ እንዲሰበስበው በጽሑፍ ይጠይቁ። ፍርድ ቤቱ ወንድምዎ ከመከላከል መጠን አልፏል ቢል እንኳ አንቀጽ 79 ቅጣቱ እንዲቀልለት ያደርጋል፤ ያለፈውም ጥቃቱ ባስከተለበት ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ምክንያት ከሆነ ከነጭራሹ ያለ ቅጣት ሊታለፍ ይችላል።

ለጊዜው አስቸኳዩ ነገር ቃሉ ነው። ወንድምዎ ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት ስለሚችል ከጠበቃ ጋር ሳይመካከር ስለ ድብደባው ዝርዝር ቃል ባይሰጥ ይሻላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ለመንገድ ከሚወስደው ጊዜ በስተቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ እዚያም ዋስትና ይጠይቅ። በተጎጂው ላይ የሞት ሥጋት ከሌለ ዋስትናው የሚፈቀድበት ዕድል ጥሩ ነው።

ሽማግሌ ልኮ ልጁን ማሳከምና መካስ መልካም ነው፤ ጉዳዩ በአንቀጽ 555 ከሆነ ዕርቁ ክሱን አያስቆመውም፣ ቅጣትን ግን ያቀልላል። ሆኖም «እናንተ የስርቆቱን አቤቱታ ተዉ፣ እኛም የድብደባውን እንተዋለን» የሚል ሐሳብ ቢቀርብ እንዳይቀበሉ እመክራለሁ። የነጠቃው መዝገብ ከተዘጋ ወንድምዎ ያንን ሰው ለምን እንዳባረረና ሴንጢው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው ዋነኛ ታሪክ አብሮ ይዳከማል። የስልክዎን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ወስደው፣ ደረሰኝ ካለዎትም ጨምረው፣ የራስዎን አቤቱታ ዛሬውኑ በተለየ መዝገብ ያስመዝግቡ።