መልስ፦ የለስላሳ አከፋፋዩ ደብተር ከሰጠን የወላጆችን ስልክ እንስጠው?

ደብተሩን ተቀበሉ፤ የስልኩን ዝርዝር ግን አትስጡ። ሐዋሳ ላለው ትምህርት ቤታችሁ አከፋፋዩ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ነው ያቀረበው፤ የወላጅና መምህር ኅብረቱ (ወመህ) መጀመሪያ ይለያያቸው።

በደብዳቤ እንዲህ በሏቸው፦ ሽፋኑ ላይ አርማ አይኖርም፣ ክፍል ገብቶ ማስተዋወቅ የለም፣ ቆርኪ ሰብስቦ መሸለምም አይቻልም። የቆርኪው ነገር ከሁሉም ይብሳል፤ ልጁን ወላጆቹን የሚነዘንዝ ሻጭ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ትምህርት ቤቶች ስኳር ከበዛባቸው ምግብና መጠጦች ማስታወቂያ ነጻ ይሁኑ ብሏል፤ ጥቀሱት። ምስጋና ከፈለጉ በወላጆች ስብሰባ ስማቸውን መጥራት ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቀጥሎ «አጥሩን ቀለም እንቀባላችሁ» ማለታቸው አይቀርም። በለስላሳ ድርጅቱ ቀለም የተቀባ አጥር አርማ ባይኖረውም ማስታወቂያ ነው፤ ደብተሩ ሲያልቅ እሱ ለዓመታት ይቆማል። የቀለሙን ዓይነት ራሳችሁ ምረጡና ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት።