የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የካርቦን ፋይበር ኮፈን በቤት ውስጥ

ጥያቄ፦ የመኪናዬን የብረት ኮፈን በካርቦን ፋይበር ለመተካት አስቤ ጨርቁንና ኢፖክሲ ሬዚኑን ገዛሁ። ለሙከራም በአሮጌው ኮፈን ላይ አንድ ንጣፍ ደርቤ ሬዚኑን በብሩሽ ቀባሁት። ሲደርቅ ግን ፊቱ ሻካራ ሆነ፣ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ታዩበት፣ ጥቂት ቦታ ላይ ደግሞ እስካሁን ጣትን ይይዛል። ስህተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ የገለጹልን ሦስት እንከኖች ከአንድ ስህተት የመጡ ስላልሆኑ ለየብቻቸው ማየቱ ይሻላል።

ጣትን የሚይዘው ቦታ በሚገባ ያልተዋሐደ ኢፖክሲ ነው። ብዙዎችን እዚህ ላይ የሚያሳስታቸው ከፖሊስተር ሬዚን ጋር የነበራቸው ልምድ ነው፤ በፖሊስተር ላይ የሚጨመረው ማጠንከሪያ ሂደቱን የሚያስጀምር ብቻ በመሆኑ መጠኑን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ በማድረግ የመድረቂያውን ጊዜ ማፍጠንም ማዘግየትም ይቻላል። የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ግን ራሱ የጠነከረው ቁስ አካል ሆኖ ስለሚቀር ከሬዚኑ ጋር የሚጣመረው በተወሰነ ልክ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተረፈ ተጣማሪ አጥቶ ለስላሳና አጣባቂ እንደሆነ ይቀራል። እኔም የመጀመሪያዬን የስፖኪዮ ሽፋን ስሠራ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ማጠንከሪያ ጨምሬበት፣ ከሳምንት በኋላ እንኳ የጣት አሻራ የሚቀበል ጥቁር ጎማ ታቅፌ ቀርቻለሁ። ስለዚህ በዓይን ግምት ሳይሆን ግራም በሚለይ ሚዛን ይለኩ፤ አምራቹ ለምሳሌ 100 በ30 ብሎ ከጻፈም በክብደት ይሁን በይዘት ማለቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። የእርስዎ ችግር በጥቂት ቦታ ብቻ መታየቱ ግን ከልኬቱ ይልቅ ማማሰሉን ያስጠረጥረኛል፤ ከኩባያው ግድግዳና ጥግ ላይ ያልተነካ ሬዚን ይቀራልና። አማስለው ሲጨርሱ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጠው እንደገና ያማስሉት። በአንድ ጊዜም ብዙ አይበጥብጡ፤ ግማሽ ኪሎ ያህል ድብልቅ በጠባብ ኩባያ ውስጥ ከቆየ በራሱ ሙቀት ግሎ ሊጨስና ኩባያውን ሊያቀልጥ ይችላል።

ፊቱ የሻከረው ሥራው ከጅምሩ የተገለበጠ ስለነበረ ነው። ካርቦን ፋይበር ያንን ለስላሳ ውበቱን የሚያገኘው ብሩሹ ባለፈበት በኩል ሳይሆን ፎርማው (ጨርቁ ተነጥፎበት ቅርጹን የሚይዝበት ማውጫ) ላይ ባረፈው ፊቱ ነው። አሮጌው ኮፈን ሊያገለግልዎ የሚገባው ፎርማ ለማውጣት ነው። እንከኑን በስቱኮ ይድፈኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ እስኪያብረቀርቅ ያድርሱት፤ ከዚያም የማላቀቂያ ሰም በየመካከሉ እያደረቁ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ይቀቡት። በላዩ ጄልኮት (የፎርማውን ለስላሳ ፊት የሚሠራ ወፍራም ሬዚን) እና በርከት ያለ የፋይበር ግላስ ንጣፍ ይደርቡ፤ ፎርማው ሳይላቀቅ በፊት ከጀርባው የእንጨት ድጋፍ ይጣበቅበት፣ አለዚያ ከኮፈኑ በተለየ ማግስት ይጣመማል። ከጠቅላላው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፤ እኔ ግን የባለሙያውን ደረጃ የምለየው በዚሁ ነው።

ቀዳዳዎቹ በድርና በማጉ መገናኛ ላይ ታስሮ የቀረ አየር ናቸው። ሬዚኑን መጀመሪያ ከኮፈኑ ለተላቀቀው ፎርማ ውስጠኛ ፊት ቀብተው ጨርቁን በላዩ ቢያነጥፉት ፈሳሹ ከሥር ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን እየገፋ ይወጣል፤ ግራጫ የነበረው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ሲያብለጨልጭ ያኔ በደንብ ርሷል። በካሬ ሜትር 200 ግራም ለሚመዝን ጨርቅ 200 ግራም ያህል ሬዚን በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የፈሰሰው ጥንካሬ ሳይሆን ክብደት ነው የሚጨምረው። የቫኪዩም ፓምፕ ካገኙ የረሰውን ሥራ በቅድሚያ ከሬዚን ጋር በማይጣበቅ ናይለን፣ ከዚያ ትርፉን በሚመጥ ንጣፍ ሸፍነው በፕላስቲክ ያሽጉትና አየሩን ይሳቡት። ያን ጊዜ የከባቢ አየር ግፊት ራሱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ኃይል እያሳረፈ ይጨምቅልዎታል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ 0.7 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በእጅ የተሠራ አራት ንጣፍ ካርቦን 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ጥንካሬን ለመጨመር ንጣፍ ከማብዛት ይልቅ በመካከሉ ስስ ፎም ማስገባት ያዋጣል፤ ውፍረት እጥፍ ሲሆን መታጠፍን የመቋቋም አቅም ስምንት እጥፍ ያድጋልና።

ኮፈን ከሌላው ክፍል የሚለየው ከላይ ፀሐይ ከታች ሞተር ስለሚያግለው ነው። በክፍል ሙቀት ብቻ የጠነከረ ተራ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ስለሚጀምር፣ እንደ መስታወት የነበረው ፊት በአንድ በጋ ሽመናውን እያሳበጠ ያወጣዋል። ሥራውን ከፎርማው ሳያወጡ አምራቹ በሚያዘው መሠረት ቀስ እያሉ ማሞቅና በመጨረሻም ፀሐይን የሚከላከል ቫርኒሽ መቀባት ያስፈልጋል። መቆለፊያውና ማጠፊያው የሚያርፉበትን ቦታ ደግሞ ለስስ ካርቦን አደራ አይስጡ፤ የቀድሞውን የብረት ደጋፊ ቆርጠው እዚያው ይትከሉት፣ በፍጥነት ላይ ሳሉ የተከፈተ ኮፈን መስታወትዎ ላይ ነውና የሚያርፈው። አልሙኒየም የሚነካው ቦታ ካለ በመካከሉ አንድ የፋይበር ግላስ ንጣፍ ያስገቡ፤ እርጥበት ባለበት ካርቦን አልሙኒየምን ይበላዋል። ሲሞርዱም ውኃ እየነከሩ ይሁን፤ ደቃቁ ብናኝ ሳንባን ከመጉዳቱ በላይ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሞረጃ ማሽንዎን ያቃጥላል። ጓንት ያለማውለቅ ልማድም ይኑርዎት፤ ቆዳ ኢፖክሲን አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይቆጣዋል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ዘዴ ለሞተር ብስክሌቴ የመሪ እጀታ መሥራት እችላለሁ? በውድድር መኪኖች ላይ ሁሉም ነገር ካርቦን አይደለምን?

መልስ፦ አይሥሩት። ማክላረን በ1981 በኤም ፒ 4/1 መኪናው የካርቦን ፋይበር አካል ወደ ፎርሙላ 1 ካስገባ ወዲህ ቁሱ በውድድር ዓለም መስፋፋቱ እውነት ነው፤ እነዚያ ክፍሎች ግን ከከባቢ አየር ብዙ እጥፍ በሆነ ግፊትና በሙቀት ውስጥ የሚበስሉ፣ ከዚያም ውስጣቸው በመሣሪያ የሚፈተሽ ናቸው። ብረት ሲጎዳ ይጣመምና ያስጠነቅቃል፤ ካርቦን ፋይበር ግን ከውስጥ ንጣፉ ተላቆ ሳለ ከውጭ ደህና መስሎ ይቆይና በድንገት ይሰበራል። መሪ፣ ፍሬን፣ የጎማ ቸርኬና የቀበቶ ማሰሪያ በቤት ሥራ የሚሞከሩ አይደሉም። እጅዎን ለማፍታታት የፊት ፓራፋንጎውን ይሥሩ፤ ትንሽ ነው፣ ከፎርማ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሲጭኑት ግን ከጎማው ጋር እንዳይነካካ ክፍተቱን ይለኩ፣ ብሎኖቹም በየጊዜው ይታዩ።