ማኅተሙ ሲያንስ ነጥቦቹ ለምን ይጠፋሉ?

ጥያቄ፦ ሴሎች በተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲጣበቁ ፋይብሮኔክቲንን (ሴሎች የሚጣበቁበትን ፕሮቲን) በፒዲኤምኤስ (ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ) ማኅተም መስታወት ላይ አትማለሁ። 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው ነጥቦች ጥሩ ሆነው ይወጣሉ። ተራርቀው የቆሙ የ300 ናኖሜትር ነጥቦችን ሳትም ግን መስታወቱ በሙሉ ፕሮቲን ይሆናል። ቀሪውን ቦታ ፕሮቲንና ሴል እንዳይጣበቅ በሚከላከለው ፖሊመር በፕሉሮኒክ ኤፍ-127 ብሸፍነውም ሴሎቹ ያለ ቦታቸው ይጣበቃሉ። ምን ላድርግ?

የባዮኢንጂነሪንግ ተማሪ

መልስ፦ የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንደኛው የማኅተሙ ልስላሴ ነው። 10 ለ 1 የሚደባለቀው የተለመደው ፒዲኤምኤስ፣ ሲልጋርድ 184፣ ጥንካሬው ከ2 እስከ 3 ሜጋፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ሲራራቁና ነጥቦቹን የሚያትሙት የማኅተሙ ምሰሶዎች ሲያጥሩ በመካከላቸው ያለው የማኅተሙ ጣሪያ ረግቦ መስታወቱን ይነካል፤ በላዩ ክብደት መጫን ደግሞ ያባብሰዋል። ምሰሶዎቹን ማስረዘምም አያዋጣም፤ ይጎብጣሉ፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ።

9 ሜጋፓስካል ገደማ የሚደርስ ጠንካራ ፒዲኤምኤስ አለ፤ በስሱ ፈስሶ ከጀርባው በለስላሳው ይደገፋል። ነገር ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። እኛ የምንመክረው ማኅተሙን ጨርሶ ልሙጥ ማድረግን ነው፤ ምሰሶ ከሌለው የሚረግብ ጣሪያም የለውም። ልሙጡ ፒዲኤምኤስ ላይ በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም የሆነ ፋይብሮኔክቲን ለ1 ሰዓት ያኑሩ። በባፈር (ፒኤችን በሚጠብቅ የጨው ውሃ) ካጠቡት በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ ይህ ከተዘለለ የባፈሩ ጨው ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራና ንክኪውን ያበላሻል። በናይትሮጅን አድርቀው፣ ሳይዘገዩ፣ ነጥቦቹ በሚፈለጉበት ቦታ ጉድጓድ በተቀረጸበትና በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) በታከመ ሲሊከን ላይ ያሳርፉት። ሲሊከኑ የነካውን ፕሮቲን ሁሉ ይወስዳል፤ ማኅተሙ ላይ የሚተርፈው በጉድጓዶቹ ትይዩ ያለው ብቻ ነው። የተረፈውን በፕላዝማ በታከመ መስታወት ላይ ለ5 ደቂቃ ያትሙ። ሲሊከኑ በፕላዝማ ጸድቶ እንደገና ያገለግላል።

ሁለተኛው ችግር መሸፈኛው ነው። ፕሉሮኒክ አጥብቆ የሚይዘው ውሃ የማይወድ ገጽን ነው፤ ለፒዲኤምኤስና ለፖሊስታይሪን ይሆናል። በፕላዝማ የታከመ መስታወት ውሃ ስለሚወድ ሽፋኑ ሲታጠብ ይሄዳል። በምትኩ ፒኤልኤል-ጂ-ፔግ (በላይሲን ሰንሰለት ላይ ፕሮቲን የሚከላከል ፔግ የተቀጠለበት ፖሊመር) ይጠቀሙ፦ በሚሊሊትር 0.1 ሚሊግራም፣ በ10 ሚሊሞላር ሄፔስ ባፈር፣ ፒኤች 7.4፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። አዎንታዊው ላይሲን አሉታዊውን መስታወት ስለሚይዝ አይለቅም። ሴሎቹንም መጀመሪያ ያለ ሲረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ይዝሩ፤ ሲረም ራሱ ሴል የሚያጣብቁትን ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን ይዟል።

ውጤቱን በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ብቻ አይፍረዱ። 300 ናኖሜትር ለብርሃን የመለየት አቅም ወሰን የቀረበ ስለሆነ በትክክል የታተመ ነጥብም ደብዝዞ ይታያል። የነጥቡን ስፋት ገጽን በጥቃቅን መርፌ በሚዳስሰው በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ይለኩ።

የሚያጠኑት በነጠላ ኢንተግሪኖች (ሴሉ የሚጣበቅባቸው የገጹ ፕሮቲኖች) መካከል ያለውን ርቀት ከሆነ ግን ማተም አይበቃዎትም፤ በአንድ የ300 ናኖሜትር ነጥብ ላይ ብዙ ኢንተግሪኖች ይሰፍራሉ። ለዚያ የሚሆነው አርጂዲ (ኢንተግሪን የሚይዘው አጭር ፔፕታይድ) የተለበጡ፣ ከ10 ናኖሜትር ያነሱ የወርቅ ነጥቦችን በማይሴል (በጥቃቅን የፖሊመር እንክብሎች) መደርደር ነው። በ2004 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት በዚህ ዘዴ ሴሎች ነጥቦቹ በ58 ናኖሜትር ሲራራቁ በደንብ እንደሚዘረጉ፣ በ73 ናኖሜትር ግን እንደሚቸገሩ አሳይቷል።