ፓልማችሁ ቢጫ የሆነው ውሃ ጠምቶት ነው ወይስ አፈሩ ነው?

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ጥያቄው ሁሉ ፓልም ፓልም (ፖት ውስጥ የምንተክለው ዘንባባ) ሆኗል፣ ያው ክረምት ገብቶ ቅጠሉ ቢጫ ሲል ነው እኔ የምታወሰው። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አሪካ ፓልሜን ከግቢ በቆፈርኩት ጥቁር አፈር ተከልኩት፣ ሶስት ወር ሳይሞላው ቢጫ ሆነ። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ በየቀኑ ባጠጣው ባሰበት።»

ወንድሜ አልጠማውም፣ እየታፈነ ነው። ያ ጥቁር አፈር፣ መረሬ የምንለው፣ ለጤፍ አሪፍ ነው፣ ፖት ውስጥ ግን ውሃ ሲያገኝ ያብጥና አየር መግቢያ ያሳጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። እኔም የመጀመሪያዋን ፓልሜን የገደልኳት በዚሁ ነው፣ ጎረቤት ለመሠረት ካስቆፈረው አፈር በፌስታል ሞልቼ አምጥቼ። ስነቅላት ሥሩ ጠቁሮ ልጣጩ እንደበሰበሰ ሽንኩርት እጄ ላይ ቀረ፣ ሽታውን ተዉት።

አሁን የምጠቀመው ሁለት ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ሁለት ጣሳ ፑሚስ ነው። ፑሚሱ ያው ብሎኬት የሚሰራበት ቀላል ድንጋይ ነው፣ ብሎኬት አምራቾች ጋር ትንሽ ለምነህም ታገኛለህ፣ ካጣህ ሬድ አሽም (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሆናል። በወንፊት ነፍተህ የሽምብራ መጠን ያለውን አስቀር፣ ዱቄቱን ጣለው፣ እሱ ነው መልሶ የሚደፍነው። ከቀላቀልክ በኋላ ትንሽ አርጥበህ በጭብጥህ ጨመቅ አድርገውና በጣትህ ነካ አድርገው፣ ከፈረሰ ጨርሰሃል፣ እንደ ጭቃ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ፑሚስ ጨምር።

«ፖቱ ሥር ጠጠር ካደረኩ ቀዳዳ ባይኖረውም ችግር የለውም አይደል?»

አለው እንጂ! ውሃው የት ይሂድ? ጠጠሩ መሃል ይጠራቀማል፣ ከሱ በላይ ያለው አፈርም እንደረጠበ ይቀራል። ቀዳዳ አብጂለት፣ ጠጠሩን ተይው።

«ልጄ፣ አራት ኪሎ ነኝ። በቀን ሶስቴ ቡና ይፈላል፣ አተላውን ፓልሙ ላይ ባፈስ ማዳበሪያ ይሆናል አሉኝ።»

እማማ፣ ቡናዎትን ይጠጡ፣ አተላውን ግን እንዲሁ አያፍሱት። ላዩ ላይ ይጋገርና ይሻግታል፣ ውሃም በደንብ አያሳልፍም። ከድንች ልጣጭና ከደረቅ ቅጠል ጋር ባልዲ ውስጥ ያጠራቅሙት፣ በደንብ በስብሶ የአፈር ሽታ ሲሸት ያኔ ይደባልቁታል። ስኳርና ጨው የገባበት ከሆነማ ጭራሽ አይሆንም።

«ስታዲየም አካባቢ ቢሮ አለን፣ ኬንቲያ ፓልም ገዝተን ቶሎ እንዲያድግ ትልቅ በርሜል ውስጥ ልናዛውረው ነው።»

ተዉ እባካችሁ። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው ሲያልፍ የኮዳውን ትራፊ ይደፋበታል። ካሁኑ ፖት አምስት ሳንቲሜትር ያህል የሚሰፋ ይበቃል፣ ሥሩን ሳትበታትኑ፣ ግንዱንም ከበፊቱ በላይ ሳትቀብሩ። ኬንቲያ ሎርድ ሃው የምትባል የአውስትራሊያ ደሴት ተክል ነው፣ ሲፈጥረው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ በርሜል አያስሮጠውም።

«ከአፈሩ ላይ ትንንሽ ዝንቦች ይነሳሉ፣ ፍሊት ልንፋ?»

አትንፊ። እርጥብ አፈር ላይ ነው የሚፈለፈሉት፣ ላዩን እስከ ሁለት ጣት ጥልቀት እስኪደርቅ ውሃ ከልክዪው፣ ኮምፖስቱ ያልበሰለ ከነበረም ከላይ ያለውን ጠርገሽ ቀይሪው።