ቀረጻው መቼ ያበቃል? ስለ ዘጋቢ ፊልም ሥራ ከአንባቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ካሜራ ናቸው። ስለ ካሜራ አንዱን ብቻ እመልሳለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙ።

የዘጋቢ ፊልም ዳይሬክተርም ፕሮዲዩሰርም ሆኜ ብቻዬን እየሠራሁ ነው። ልክ ነኝ?

የተለመደ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያ ፊልም ላይ። ዳይሬክተሩ ታሪኩን እንዴት እንደሚነግረው ይጨነቃል። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ ታሪኩ እስኪያልቅ በምን እንደሚኖር። በጀቱ፣ ውሉ፣ የቀረጻ ፈቃዱ፣ የሙዚቃና የቆዩ ምስሎች መብት፣ ከጣቢያና ከፌስቲቫል ጋር የሚደረገው ድርድር ሁሉ የእሱ ራስ ምታት ነው። ችግሩ የሚመጣው አንድ ነገር እስኪሆን አሥር ቀን መጠበቅ ሲያስፈልግ ነው። ግማሽ ልብህ «ቆይ» ሲልህ ግማሹ «ገንዘቡ አለቀ» ይልሃል፤ ብዙ ጊዜ የሚረታውም ሁለተኛው ነው። ቢያንስ ሒሳቡን የሚይዝልህ፣ ፊት ለፊት «አይሆንም» ለማለት የማይፈራህ አንድ ሰው ፈልግ። ወዳጅህ ቢሆንም ግድ የለም፤ ሒሳብ ካወቀ።

ይህ ሥራ እንጀራ ይሆናል?

የራስህ ፊልም ብቻውን? ለአብዛኛው ሰው አይሆንም። የማውቃቸው ዳይሬክተሮች ለድርጅት ይቀርጻሉ፣ የሌላ ሰው ፊልም ኤዲት ያደርጋሉ፣ ያስተምራሉ። እኔም ከዚያው ነኝ።

58 ዓመት ሆኖኛል፤ የፊልም ትምህርት የለኝም። ረፍዶብኛል?

አልረፈደብዎትም። አሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም ዳይሬክተር ፍሬድሪክ ዋይዝማን ወደ ፊልም የመጣው ሕግ ሲያስተምር ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ፊልም ሲያወጣ ደግሞ 93 ዓመቱ ነበር። ሰው በትዕግሥት ማዳመጥ ከቻሉ ግማሹን ያውቁታል።

ሦስት ዓመት ቀረጽኩ፤ የባለታሪኬ ሕይወት ግን አያልቅም። መቼ ላቁም?

የሰው ሕይወትማ መች ያልቃል! የሚያልቀው አንቺ ስትጀምሪ ያነሳሽው ጥያቄ ነው። «ሁፕ ድሪምስ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ፊልም ሲጀመር የታሰበው ለ30 ደቂቃ ነበር። ሁለት ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን አምስት ዓመት ያህል ተከትሎ፣ 250 ሰዓት ገደማ ተቀርጾ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም ሆነ። ያም ሆኖ ማቆሚያ ነበረው፤ ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ኮሌጅ ሊገቡ ነው።

አስቢው፤ 250 ሰዓት በቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ብታዪው አንዴ አይቶ ለመጨረስ ብቻ ከወር በላይ ይፈጃል፤ ገና ምንም ሳትቆርጪ ማለት ነው። ስለዚህ ኤዲቲንግ ለመጀመር ቀረጻው እስኪያልቅ አትጠብቂ። ካለሽ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆርጠሽ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዪው። «ከዚያስ?» ካለሽ ምን እንደጎደለ ታውቂያለሽ። ስልኩን መነካካት ከጀመረም ታውቂያለሽ።

የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ያለህ ይበቃል። በገንዘቡ ጥሩ ማይክና ትርፍ ሃርድ ዲስክ ግዛ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ቅጂውን ሦስት አድርግ፣ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጥ። «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» የተባለውን ቀደምት ዘጋቢ ፊልም የሠራው ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1916፣ 30,000 ጫማ የሚሆን የተቀረጸ ፊልም (ነጋቲቭ) ከእጁ በወደቀ ሲጋራ ተቃጥሎበት ወደ አርክቲክ ተመልሶ እንደ አዲስ ቀርጿል። አንተ ሁለተኛ ዕድል ላታገኝ ትችላለህ።

ባለታሪኬን «እስቲ በሩን እንደገና ክፈትልኝ» ብለው ዋሸሁ ይባላል?

ያው ፍላኸርቲ ባለታሪኩ የሚኖርበትን የበረዶ ጎጆ ውስጡን ለመቅረጽ ብርሃን ቢያጥረው ግማሹ የተከፈተ ጎጆ አሠርቷል፤ ይህ ውሸት ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በር ማስከፈት አያስጨንቀኝም። «እንደገና አልቅስልኝ» ማለት ግን ነውር ነው።

ባለታሪኬ ለመቀረጽ ፈቅዳ ፈርማ ነበር፤ አሁን «ያንን ቦታ አውጣልኝ» አለች። ምን ላድርግ?

ፊርማው የሚጠብቅህ ከክስ ነው። የቀረው በአንተና በእሷ መካከል ነው።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ኮቱን ስታጣጥፍ እጇ ኪሱ ገባ፤ መሐረብ አወጣች፣ አሸተተችው፣ መልሳ እዚያው ከተተችው። ካሜራው አጠገቧ ነበር። የፊልሙ ምርጥ ደቂቃ ያ ነበር፤ እኔም ኤዲተሩም እናውቃለን። ፊልሙን ለማንም ሳናሳይ ለእሷ አሳየናት። ዝም ብላ አይታ ሲያልቅ፣ «ሲፈረም እኮ ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ እጄ ይታይ፣ ፊቴን ግን ከፊልሙ አውጡልኝ» አለች።

አወጣነው። ትዕይንቱ ደከመ፤ ኤዲተሩም ሳምንት አኮረፈኝ። ፊልሙ በታየ ቁጥር እዚያ ቦታ ሲደርስ ይቆጨኛል። ሴትየዋ ግን ስደውልላት ዛሬም ታነሳለች።