ሙቀት ነፍሳትን ያራባል ወይስ ያመክናል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! ሙቀት ሲጨምር ነፍሳት ይራባሉ ሲባል ነው የማውቀው። በቀደም ግን አንድ ጓደኛዬ “ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ይመክናሉ” ብሎ ድርቅ አለብኝ። ተከራከርን፣ አልተግባባንም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ነገሩ ያለው ዲግሪው ላይ ነው። አብዛኞቹ ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ካሉበት አካባቢ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ደህና ሙቀት ካገኙ እንቁላሉ ቶሎ ይፈለፈላል፣ ከእንቁላሉ የወጣው እጭም (ትሉ) ቶሎ ያድጋል፣ በአንድ ወቅት ብዙ ትውልድ ይተካካል። እርስዎ የሰሙት ይሄንን ነው።

ልክ ሲያልፍ ግን ቀድሞ የሚመታው ወንዱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የዱቄት ጥንዚዛዎችን ለ5 ቀን 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ አቆዩ። ወንዶቹ በሕይወት ወጡ፣ የወለዱት ግን የወትሮውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ሁለተኛ ዙር ሲደገምባቸውማ ጭራሽ መከኑ ማለት ይቻላል። እንስቶቹ ብቻቸውን ሲሞቁ ያን ያህል አልተጎዱም፤ ችግሩ እንስቷ ከተገናኘች በኋላ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ቀስ በቀስ ነው የምትጠቀምበት፣ እና ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ከመጣ ያጠራቀመችው ዘር ይበላሻል። እኔን የገረመኝ ደግሞ ዳፋው ለልጅ መትረፉ ነው፦ ሙቀት ካገኛቸው አባቶች የተወለዱ ወንዶች ዕድሜያቸውም አጠረ፣ መውለዱም ላይ ደከሙ።

ለምን ወንዱ? ዘር የሚሠራበት ሂደት ሙቀት አይወድም። በብዙ አጥቢ እንስሳትም ቆለጥ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው ቀዝቀዝ እንዲልለት ነው።

ጥንዚዛ ብቻ እንዳይመስልዎት። በ2021 እ.ኤ.አ. 43 የፍራፍሬ ዝንብ ዝርያዎች ተፈትሸው በ11ዱ ወንዶቹ የሚመክኑት ከሚገድላቸው ሙቀት በታች ሆኖ ተገኝቷል። ዝንቡ ይበራል፣ ይበላል፣ ያያችሁት ሁሉ ጤነኛ ነው ትላላችሁ፤ ዘር ግን የለውም። ስለዚህ “ስንት ዲግሪ ይገድለዋል?” ብሎ ብቻ መለካት ያሳስታል።

ንግሥት ንብስ? እሷ ወጣት ሳለች በጥቂት ቀናት ከብዙ ድንጉላዎች (ወንድ ንቦች) የተቀበለችውን ዘር ለዓመታት ነው የምትጠቀምበት። ሠራተኞቹ በክንፋቸው እያራገቡና ውኃ እያመጡ ቀፎውን 35 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት መከራቸውን ያያሉ፤ ካቃታቸው ያ ስንቅ አደጋ ላይ ነው።

ጓደኛዎ ግን “እንግዲያው ተባዩ በሙቀት ያልቃል” ካለ አይስማሙ። የመከነ የፍራፍሬ ዝንብ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ጥቂት ቀን ሲቆይ መልሶ መውለድ የሚጀምርበት ጊዜ አለ።