ተለጣፊው የኢንሱሊን ፓምፕ የማታውን መርፌ ይተካልን?

ውድ ጠያቂ፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅዎ ኦምኒፖድ የተባለውን ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፓምፕ ሲጀምር የማታው መርፌ ይቀር እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ ይቀራል፤ መሣሪያው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ይዞ፣ ከቆዳ ሥር ባስገባት ቀጭን ለስላሳ ቱቦ አማካይነት ቀንና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሰጥ፣ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ይተካል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፦ ቱቦዋ ብትታጠፍ ወይም መሣሪያው ቢላቀቅ፣ በሰውነት ውስጥ የቆየ መጠባበቂያ ስለሌለ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ አሻቅቦ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ በማቃጠሉ የሚፈጠር አሲድ) ሊጠራቀም ይችላል። በእኔ አስተያየት ከዋጋው በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው፤ መርፌና ኢንሱሊን ምንጊዜም በእጅዎ ይኑር። አንዱ ፓምፕ እስከ 200 ዩኒት ኢንሱሊን ይይዛል፤ ቢበዛ በ3 ቀን ይቀየራል፣ የሚለጠፍበትም ቦታ ይፈራረቃል። የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደሚቆም ግን ሐኪሙ ይወስን።